የቲቤት ፍርስራሽ ግንቦች የማን ናቸው? ክሩን ላላነበባችሁ

ሰሞኑን በመድረካችን ታሪክ ክፍል ውስጥ የተከፈተው የቲቤት ክር፣ ማለትም የውይይት መስመር፣ መልሱ መአት ሆኗል። ገብታችሁ ለማንበብ የታከታችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ አንዳንዶቻችሁ በውስጥ መስመር ጠይቃችሁኛል። እኔ ከላይ እስከ ታች ወርጄበታለሁ። የጠቀመኝን፣ የሳቅኩበትንና ያናደደኝን እየለየሁ ልንገራችሁ። ጽሑፋቸውን አልገለብጥም፤ የተባለውን ብቻ ነው የማወራው። ሰዉ ስሙን በየጊዜው ስለሚቀያይር በመልስ ቁጥር እጠራቸዋለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ክሩን የከፈተው ልጅ አንድ ፎቶ ለጠፈ። ሣር የሌለበት ገደል፣ ገደሉ አናት ላይ የፈረሱ ግድግዳዎች፣ ከታች ቀጭን ወንዝ። ቦታው ምዕራብ ቲቤት፣ ንጋሪ የሚባለው ክልል ነው። ከፎቶው ሥር ደግሞ ደፍሮ ጻፈ። በዚያ ከፍታ ላይ ያሉት ግንቦች በሙሉ የጉጌ ነገሥታት ሥራ ናቸው፤ ከእነዚያ ቡድሂስት ነገሥታት በፊት እዚያ የነበረው እረኛና ድንኳን ብቻ ነው አለ። ከዚያ ጥያቄ አስከተለ፦ ታዲያ ለምን ባዶ ቀሩ?

ጥያቄው አሪፍ ነው። ጠቡን የጫረው ከፊት ያለው ድፍረት ነው።

ቁጥር 1 አመስግኖ ብቻ አለፈ። ቁጥር 2 ጨዋ ሰው ነው፤ መጀመሪያ የልጁን ግማሽ እውነት አጽድቆለት ነው የተነሳው። ጉጌ የምር መንግሥት ነበር። የቲቤት ነገሥታት ግዛት በ9ኛው ክፍለ ዘመን ሲፈራርስ ከንጉሣዊው ዘር የተረፉት ወደ ምዕራብ ሄደው በ10ኛው ክፍለ ዘመን ያቋቋሙት ነው። ቶሊንግ የሚባለው ገዳማቸው በ996 ተመሠረተ። ህንዳዊው ሊቅ አቲሻ በ1042 መጣላቸው። ዋና ከተማቸው ፃፓራንግ ዛሬም ይታያል፦ ከሱትሌጅ ወንዝ በላይ ያለ አንድ የአፈር ኮረብታ፣ ከታች እስከ ላይ በዋሻ የተበሳሳ፣ ወገቡ ላይ ቀይና ነጭ ቤተ መቅደስ፣ አናቱ ላይ ቤተ መንግሥት። ወደ ላይ የሚያስወጣው በኮረብታው ሆድ ውስጥ የተፈለፈለ ጠባብ መተላለፊያ ነው። ስለዚህ ፎቶው የፃፓራንግ ከሆነ ልጁ ልክ ነው፣ አለ።

ግን እዚያው ላይ አላቆመም። ከንጋሪ ወደ ሰሜንና ወደ ምሥራቅ፣ ቻንግታንግ በሚባለው ብርዳም ሜዳ ላይ፣ ቤተ መቅደስም ሥዕልም የሌላቸው ሌሎች ፍርስራሾች አሉ። ጆን ቪንሰንት ቤሌዛ የሚባለው አሜሪካዊ ከ1990ዎቹ ጀምሮ እየዞረ ከ700 በላይ ጥንታዊ ቦታ መዝግቧል፤ ግንብ፣ መኖሪያ፣ መቃብር፣ የተተከለ ድንጋይ። ብዙዎቹ ከቡድሂዝም በፊት የነበረውን ባህል የያዙ ናቸው። እረኛና ድንኳን ብቻ የሚለው እዚህ ላይ ወደቀ። ቁጥር 2 ይህን ሁሉ ወንድሜ እያለ ነው የጻፈው። እንዲህ ያለ ሰው ቢበዛልን ክሩ ግማሹን ያህል ባጠረ ነበር።

ቁጥር 3 ጮቤ ረገጠ። ይኸው ዣንግ ዡንግ ተገኘ! ከቲቤት መንግሥት በፊት የነበረ ትልቅ መንግሥት፣ ቀንድ ያለው ዘውድ የሚደፉ 18 ነገሥታት፣ ክዩንግሉንግ የሚባል የብር ግንብ። ቦን የሚባለው የቲቤት ሃይማኖት መጻሕፍት ይህን ሁሉ ይተርካሉ። በቃ፣ ከቡድሂስቶቹ በፊት ያለው ፍርስራሽ ሁሉ የእነሱ ነው ብሎ ደመደመ። ከአንድ ድፍረት ወደ ሌላው ዘለለ ማለት ነው።

ቁጥር 4 ምላሱ ስለት ነው። መጀመሪያ በአንቱታ ጀመረና ሁለተኛው አንቀጽ ላይ አንተ ብሎ አወረደው። የነገሥታቱን ዝርዝር የያዙት የቦን መጻሕፍት የተጻፉት ከነገሩ ብዙ መቶ ዓመት ቆይቶ መሆኑን አስታወሰውና፣ በድንጋይ ክምር ላይ ዘውድ መድፋት ታሪክ ሳይሆን ሠርግ ነው አለው። ሳቅኩ። ግን እሱም አበዛው፤ ዣንግ ዡንግ የሚባል ነገር ጭራሹን ተረት ነው እስከማለት ሄደ።

ቁጥር 5 ለሁለቱም የሚሆን መልስ ይዛ መጣች። ክሩን ለዚህች መልስ ብቻ ብትከፍቱት አይቆጫችሁም። ቻይና ውስጥ ዱንሁዋንግ በሚባለው ቦታ በ1900 የተከፈተ ዋሻ ነበር፤ ለብዙ መቶ ዓመታት ታሽጎ የኖረ፣ በብራና ሳይሆን በወረቀት ጥቅልሎች የተሞላ። ከዚያ ውስጥ የወጣ አንድ የጥንት ቲቤት ዜና መዋዕል ስለ ዣንግ ዡንግም ስለ ክዩንግሉንግም በግልጽ ያወራል። ስለዚህ ተረት ነው የሚለው አይሄድም።

ታሪኩ እንዲህ ነው። የቲቤቱ ንጉሥ ሶንግጸን ጋምፖ እህቱን ሳድማርካርን ለዣንግ ዡንጉ ንጉሥ ለሊግሚርህያ ዳራት። ሴትዮዋ አልተመቻትም። ወንድሟ እንዴት ነሽ ብሎ መልእክተኛ ሲልክ ደብዳቤ አልጻፈችም፤ ዘፈነች። የደረሰኝ ግንብ ከውጭ ሲያዩት ገደል፣ ከውስጥ ወርቅና ዕንቁ ነው ይላሉ፤ እኔ ፊት ግን ግራጫና ሸካራ ነው አለች። ምግቡ ዓሣና ስንዴ ነው፣ ይመርረኛል ብላም አማረረች። ከዘፈኑ ጋር የታሸገ ዕቃ ላከች። ወንድሟ ሲከፍተው የሴት የራስ መሸፈኛ፣ ውስጡ ሠላሳ የሚሆን ቱርኩዝ የተባለው ሰማያዊ ዕንቁ። ንጉሡ ገባው። ወንድ ከሆንክና ሊግሚርህያን ከደፈርክ ዕንቁውን አንገትህ ላይ አድርግ፤ ከፈራህ ግን ሴት ነህና መሸፈኛውን ልበስ ማለቷ ነው። ዘመተ። ዣንግ ዡንግ በ7ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወደቀ።

ይህን ያነበበ ሰው ሁሉ ክሩ ላይ ቆመ። ከሥሩ ሦስት አራት ሰው የየራሱን ዘመድ ታሪክ ጻፈ፤ በሰም ለበስ ግጥም ባሏን ያሳጣች አክስት፣ ለወንድሟ ቀሚስ የላከች እህት። ቆንጆ ነበሩ፤ ግን ቲቤት የለባቸውም፣ እዘላቸዋለሁ።

ቁጥር 9 ወደ ነገሩ መለሰን። እሺ፣ ክዩንግሉንግ ነበረ እንበል፤ የቱ ነው? ሁለት ቦታ ይጠቀሳል። አንዱ በሱትሌጅ ሸለቆ ፍል ውኃ አጠገብ ያለው፣ ዛሬም በዚሁ ስም የሚጠራው የዋሻ መንደር ነው። ሌላው እዚያው ሸለቆ ውስጥ ጉርግያም ከሚባለው ገዳም አጠገብ ያለው ካርዶንግ የሚባል ኮረብታ ነው፤ አናቱ በድንጋይ ግድግዳ ፍርስራሽ የተሞላ። የመጀመሪያው ለፎቶ ያምራል። ሁለተኛው ግን ሥሩ መቃብር አለው። ቁጥር 9 ሁለተኛውን መረጠ፤ እኔም ከሱ ጋር ነኝ። ምክንያቱን መቃብሩ ላይ ስንደርስ ታዩታላችሁ።

አሁን ወደምወደው ልምጣ። ቁጥር 10 ዱባይ በግንባታ ሥራ ላይ ያለ ሰው ነው፤ ስለ ነገሥታቱ ግድ የለውም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፦ ዛፍ በማይበቅልበት አገር ጣሪያው በምን ቆመ? ከ4,500 ሜትር በላይ ወራጅ የሚሆን እንጨት ከየት ይመጣል? ከዚያ ራሱ ፎቶዎቹን እያየ መለሰው። እነዚያ ጥንታዊ ቤቶች ከመሠረት እስከ ጣሪያ ድንጋይ ብቻ ናቸው። ግድግዳው ወፍራም ነው። ግድግዳው አናት ላይ ረዘም ያሉ ድንጋዮች ጫፋቸው ወደ ውስጥ እንዲወጣ ተደርገው ይቀመጣሉ፤ ጭራቸውን የግድግዳው ክብደት ይጫነዋል፣ ስለዚህ አይገለበጡም። በእነሱ ላይ ሌላ ድንጋይ ትንሽ ወደ ውስጥ ገፍቶ ይደረባል። ክፍተቱ እየጠበበ ሲመጣ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው የሚደርስ ረጅም ድንጋይ እንደ ወራጅ ይጋደማል። ከላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ ይነጠፋል፣ ከዚያ አፈርና ጠጠር።

ውጤቱ ምንድን ነው? ክፍሉ ትልቅ መሆን አይችልም። ድንጋይ እንደ እንጨት አይለጠጥም፤ ረጅም ካደረግኸው መሐሉ ላይ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ቤቱ ብዙ ጠባብ ክፍል ሆኖ እንደ ማር እንጀራ ይያያዛል። ጣሪያው ዝቅተኛ ነው። መስኮት የለም። በሩ ትንሽ ስለሆነ ጎንበስ ብሎ ነው የሚገባው። ግማሹ መሬት ውስጥ ገብቶ ይሠራል፤ ነፋሱን ይሸሻል። ግድግዳው ላይ ዕቃ ማስቀመጫ ጎድጎድ ያለ ቦታ ይተዉለታል። ቁጥር 10 መጨረሻ ላይ ያለው ተመቸኝ፤ ይህን የሠራ ሰው ድንኳን አፍርሶ የሚሄድ ሰው አይደለም፣ እዚያው የሚከርም ሰው ነው አለ። ስለ ዣንግ ዡንግ አንድም ቃል ሳያነሳ ከቁጥር 3 የበለጠ ነገረን።

ቁጥር 11 ግን አላመነም። እንዲህ ያለ ጣሪያ ያለ ሲሚንቶ አንድ ክረምት አይቆምም ብሎ ተከራከረ። ቁጥር 10 ተመልሶ መጣና ክብደቱ ራሱ ነው ሲሚንቶው አለው። ትንሽ ተናደደ መሰለኝ፤ ምክንያቱም ወዲያው ድልድይ እንዴት እንደሚቆም በረጅሙ አስተማረው። እሱን ዝለሉት፤ ካልሆነም ማታ አንብቡት።

ቁጥር 13 ላይ መቃብሩ ተከፈተ። ይህቺ እህታችን ጨርቅ ታውቃለች። በጉርግያም ገዳም አጠገብ በአጋጣሚ የተገኘው መቃብር ውስጥ ሐር ወጥቷል። ወፍና አውሬ ተሸምኖበት፣ ከመሐሉ ንጉሥና መስፍን የሚል ፍቺ ያላቸው የቻይና ፊደሎች አሉበት። ዘመኑ ከዛሬ 1,800 ዓመት ገደማ በፊት ነው። አስቡት፤ ከሶንግጸን ጋምፖ አራት መቶ ዓመት ቀድሞ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ያለ ሰው ከቻይና በመጣ ሐር ተጠቅልሎ ይቀበራል። በዚያው መቃብር የሻይ ቅሪትም ተገኝቷል። በ2016 የወጣው ጥናት ሻይ መሆኑን አረጋግጧል። በአፈ ታሪክ ሻይን ቲቤት ያስገባችው በ7ኛው ክፍለ ዘመን ለንጉሡ የተዳረችው ቻይናዊት ልዕልት ናት ሲባል ኖሯል። መቃብሩ ይህን ታሪክ በአራት መቶ ዓመት ቀደመው።

ደግሞ ወርቅ አለ። ንጋሪ ውስጥ ቹታክ ከሚባለው መቃብር የወጣ የሰው ፊት የሚመስል ጭምብል ነው፤ ስስ የወርቅ ቅጠል፣ ጠርዙ ላይ በመርፌ የተበሱ የሚመስሉ ቀዳዳዎች አሉት፣ በሐር ጨርቅ ላይ ይሰፋ ነበርና። ተመሳሳይ ጭምብል ከሂማላያ ማዶም ወጥቷል፤ ሕንድ ውስጥ ማላሪ፣ ኔፓል ውስጥ ሳምድዞንግ። ቁጥር 13 ያለችው ቁም ነገር ይህ ነው፦ ተራራው ግድግዳ አልነበረም፣ ሰዉ ወዲያና ወዲህ ሲል ነበር። ካርዶንግ ሥር እንዲህ ያለ መቃብር ካለ ኮረብታው ላይ የኖረው ተራ ሰው አይደለም። ከቁጥር 9 ጋር የተስማማሁት ለዚህ ነው። ይህን ለማለት የ18 ነገሥታት ዝርዝር አያስፈልገኝም።

ቁጥር 14 በጣም ተገረመ። ቲቤቶች መቼ ነው የሚቀብሩት? ሬሳውን ቆራርጠው ለአሞራ ነው የሚሰጡት፤ ይህን ሁሉም ያውቃል አለ። ሁሉም ያውቃል የሚለው ቃል ክር ላይ ሲመጣ ተዘጋጁ። ቁጥር 15 ለቀም አደረገው። ለአሞራ መስጠት ዛሬ የሚታወቅ ሥርዓት ነው፤ የጥንቶቹ ነገሥታት ግን የተቀበሩት ቾንግዬ በሚባለው ሸለቆ፣ ኮረብታ በሚያካክሉ የአፈር ጉብታዎች ሥር ነው። የሶንግጸን ጋምፖ የሚባለው ጉብታ ላይ ዛሬ ቤተ መቅደስ አለበት። መንግሥቱ ሲወድቅ የተነሣው ሕዝብ መቃብሮቹን ከፍቶ ዘረፈ ይላል የቲቤት ታሪክ።

ቁጥር 16 በመሐላቸው ገብቶ ሁለቱንም አስታረቀ። ሳምድዞንግ ዋሻ ውስጥ በ5ኛውና በ7ኛው ክፍለ ዘመን መካከል የተቀበሩ ሰዎች አጥንት ተመርምሯል፤ የማርክ አልደንደርፈር ቡድን ነው የሠራው። አብዛኞቹ አጥንቶች ላይ የቢላ ምልክት ነበረ። ሥጋው ተላጦ አጥንቱ ተቀብሯል ማለት ነው። ስለዚህ መቅበርና መቆራረጥ አንድ ላይ የሄዱበት ጊዜና ቦታ ነበረ። ቁጥር 14 አመሰገነ። በዚህ ክር የተመሰገነ እርማት ይህ ብቻ ነው።

የተተከሉት ድንጋዮች ጉዳይ ግን ተበላሸ። ቁጥር 17 ጥሩ ነው የጀመረው። በቻንግታንግ ሜዳ ላይ ዶሪንግ የሚባሉ የቆሙ ድንጋዮች አሉ። አንዳንዶቹ በአራት ማዕዘን የድንጋይ አጥር ውስጥ ብቻቸውን ይቆማሉ። ሌሎቹ ደግሞ በመቶዎች ሆነው ረድፍ ሠርተው፣ ከጎናቸው የመቃብር ቤት ፍርስራሽ አለ። በ1920ዎቹ ያለፈው ሩሲያዊው ጆርጅ ሮሪክ ከፓንጎንግ ሐይቅ ደቡብ 18 ረድፍ ቆጥሯል። እስከዚህ ደህና። ከዚያ ቁጥር 18 መጣና የጥያን ድንጋዮች ፎቶ ለጠፈ። ይኸው አንድ ሕዝብ ነው፣ ከእኛ ነው የሄዱት አለ።

ቁጥር 19 ደም ሥሩ ተገተረ። ጥያ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው በ1980 ነው፣ ሠይፍ የተቀረጸበት ነው፣ ዘመኑም ሌላ ነው፤ ሁለት ሕዝብ ሙታኑ ላይ ድንጋይ ስላቆመ ዘመድ አይሆንም አለ። ልክ ነው። ግን የቁጥር 18ን ትምህርት ቤትም ሰደበ፣ ያ ልክ አይደለም። ቁጥር 18 መልሶ የሱን እናት ጠራ። አወያዩ ሁለቱን መልሶች አጠፋ፤ ስለዚህ አሁን ብትገቡ አታገኟቸውም።

ከዚህ ግርግር መሐል ቁጥር 21ን እንዳታልፉት። የዛሬዎቹ የቻንግታንግ ዘላን እረኞች ራሳቸው ስለ መቃብሮቹ ምን ይላሉ የሚለውን አነሳ። ብዙዎቹ የእኛ አይደሉም ይላሉ። ሞን የሚባል ከእኛ በፊት የነበረ ሌላ ሕዝብ ነው የቀበረው ይላሉ። ስለዚህ ድንጋዩ አጠገብ በጉን የሚያግደው ሰው ባለቤትነቱን ሳይጠይቅ እኛ እዚህ ስልክ ይዘን ርስት እንከፋፈላለን፣ አለ። ጥሩ አድርጎ ገባልኝ።

ከዚያ ክሩ ወደ ገብስ ሄደ። በምን? ቁጥር 22 ነርስ ነች፤ በዚያ ከፍታ እንዴት ይተነፈሳል ብላ ጠየቀች። ቁጥር 23 መለሰላት። የቲቤት ሰው ደሙ እንዲወፍር የማያደርግ የዘር ለውጥ አለው፤ አንዱ ዘረ መል ዴኒሶቫን ከሚባሉት የጠፉ ጥንታዊ ሰዎች የተወረሰ ነው። የእኛም ደጋ ተጠንቷል። በሰሜን ተራሮች በ3,530 ሜትር የሚኖሩ ሰዎች ተለክተው የደማቸው ሂሞግሎቢንም ኦክስጅንም ቆላ ካለ ሰው እምብዛም ያልራቀ ሆኖ ተገኝቷል፤ ጥናቱ በ2002 ወጥቷል። አንድ ዓይነት ችግር፣ ሁለት የተለያየ መፍትሔ። ባሌ ተራራ ላይም ፊንጫ ሐበራ የሚባል ከ3,400 ሜትር በላይ ያለ ዋሻ አለ፤ ሰው ከ31,000 ዓመት በፊትና ከዚያም ቀደም ብሎ ኖሮበታል።

መተንፈስ ብቻውን ግን አያከርምም አለ ያው ቁጥር 23፤ መብላት ያስፈልጋል። በ2015 የወጣ ጥናት እንዳሳየው ቲቤት ላይ ሰው ከ3,000 ሜትር በላይ ዓመቱን ሙሉ መክረም የቻለው ከ3,600 ዓመት በፊት ገደማ ጀምሮ ነው፤ ምክንያቱ ገብስ ነው፣ ውርጭ ይችላል። ቁጥር 10 ስለ ጣሪያው የነገረን ነገር እዚህ ላይ እግር አገኘ። ገብሱን ቆልተው ፈጭተው በቅቤ ሻይ አሽተው ይበሉታል፤ ጻምፓ ይሉታል። ይህች ቃል እንደወጣች አበቃ። ከቁጥር 24 እስከ 28 ያለው በሙሉ በሶ ነው። በውኃ ነው በቅቤ፣ ጨው ይግባ ስኳር፣ ሚጥሚጣ የሚጨምር ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው። አንድ ስቶክሆልም ያለ ልጅ በሶ የት ይገኛል ብሎ ጠይቆ አድራሻ ሁሉ ተሰጠው። ቲቤትን የሚያስታውስ ጠፋ።

ቁጥር 29 ከበሶው ጎትቶ አወጣን፤ ይህም ሰው ሊቅ ነው፣ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ጽፈው ሲጨርሱ ለረጅም ጊዜ ማንም አልመለሰም። ፃፓራንግን ያየ የመጀመሪያው አውሮፓዊ አንቶኒዮ ደ አንድራዴ የሚባል ፖርቱጋላዊ ኢየሱሳዊ ነው። በ1624 ሕንድ ውስጥ ካለችው ከአግራ ተነስቶ፣ የሂንዱ ተሳላሚ መስሎ፣ ማኑኤል ማርከስ ከሚባለው ወንድም ጋር ተራራውን ተሻገረ። በረዶው ዓይኑን አሳወረው፣ እጅና እግሩ ደነዘዘ። የጉጌ ንጉሥ በደስታ ተቀበለው። በ1626 ለፋሲካ ፃፓራንግ ላይ የቤተ ክርስቲያን መሠረት ተጣለ።

ጋሼ ቀጠሉ። በዚያው በ1626፣ በየካቲት፣ ደንቀዝ ላይ ዐፄ ሱስንዮስ በፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ፊት ተንበርክከው ለሮም ታዘዙ። ሁለቱም ሚስዮኖች የኢየሱሳውያን ናቸው፣ ሁለቱም ዓይናቸው ፖርቱጋሎች ሕንድ ውስጥ በያዟት በጎዋ ላይ ነው። አንድ ማኅበር፣ አንድ ዓመት፣ ሁለት ደጋ፣ ሁለት ንጉሥ። የጉጌው ንጉሥ ለእንግዶቹ አዳልቶ የመነኮሳቱን ኃይል ሲቀንስ መነኮሳቱ አመፁ፤ በ1630 የጎረቤት አገር የላዳክ ንጉሥ ሴንጌ ናምግያል ገብቶ ፃፓራንግን ያዘ፣ የጉጌው ንጉሥም ተማርኮ ወደ ላዳክ ከተማ ወደ ሌህ ተወሰደ። እኛ ጋ በ1632 ሱስንዮስ ሃይማኖት መለሱ፣ ፋሲል ነገሠ፣ ኢየሱሳውያኑም ተባረሩ።

እኔ ይህን አላውቀውም ነበር፤ ቁጭ ብዬ ደግሜ አነበብኩት። ቁጥር 30 ግን በአክብሮት አንድ ነገር አረመ። ጋሼ፣ ይቅርታዎን፣ ሁለቱ አይመሳሰሉም አለ። ጉጌን የጨረሰው የጎረቤት ጦር ነው፤ የእኛን የገለበጠው ገበሬውና የገዛ ጦራችን ደም ተፋስሶ ነው። ጉጌ መንግሥቱ ጠፋ፣ እኛ ጋ ንጉሥ ነው የተቀየረው። ጋሼም እውነትህን ነው ልጄ ብለው ተቀበሉ። ቁጥር 31 ሃይማኖት ውስጥ ገባ፤ ካቶሊክ እንዲህ፣ ኦርቶዶክስ እንዲያ። አወያዩ ማስጠንቀቂያ ሰጠ። ቁጥር 32 አወያዩን ሰደበ። ቁጥር 33 የለም፤ ለምን እንደሌለ ገምቱ።

ክሩን የከፈተው ልጅ የተመለሰው ቁጥር 34 ላይ ነው። ስለ ፃፓራንግ ብቻ ነው የጻፍኩት አለ፤ እንዲያ አላለም፣ ግን ይሁን። ጥያቄውን ደገመው፦ ለምን ባዶ ቀሩ?

ቁጥር 35 ድርቅ ነው አለ። ሐይቆቹ ድሮ በጣም ሰፊ ነበሩ፤ ዛሬ ከውኃው ርቀው ከፍ ብለው የሚታዩት የዳርቻ መሥመሮች ይመሰክራሉ። ቁጥር 36 ተው አለው፤ ሐይቁ የሸሸው በብዙ ሺህ ዓመታት ነው፣ ፃፓራንግ ደግሞ የወደቀው ትናንት በ17ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ሁሉንም ፍርስራሽ በአንድ ምክንያት አትግደለው። ለፃፓራንግ ምክንያቱ ጦርነት ነው፤ ከላዳክ ቀጥሎ ደግሞ ከ1679 እስከ 1684 በተደረገው ጦርነት የላሳው የቲቤት መንግሥት አሸንፎ አገሩን ጠቀለለ፣ ጉጌን መልሶ የሚያቆም ንጉሥ አልነበረም። በ1960ዎቹ በቻይና የባህል አብዮት ጊዜ ደግሞ በቤተ መቅደሶቹ ውስጥ ያሉት ምስሎች ተሰባበሩ። ለቻንግታንግ ግንቦች ግን ብርዱና ድርቁ ሊሠራ ይችላል፤ ሃይማኖቱ ሲቀየርም ሰዉ ወደ ገዳማቱ ሸለቆ ወርዷል። እኔ የምወደው እንዲህ ያለውን መልስ ነው፤ ለየቦታው የየራሱን ምክንያት ይሰጣል።

የዘረፋው ወሬ መጨረሻ ላይ መጣ፣ ከሁሉም የከረረውም እሱ ነው። ቁጥር 38 ከቲቤት ከፍታ ምድር ሰሜን ምሥራቅ ያለውን የዱላን አውራጃ አነሳ፤ ረሹይ የሚባለው ቦታ። እዚያ ሌቦች በድብቅ ቆፍረው በ2018 ተያዙ፤ ከ600 በላይ ዕቃ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ባለሙያዎች መቃብሩን በሥርዓት ሲቆፍሩት የብር ማኅተም አገኙ፤ ግመል ተቀርጾበት፣ ባለቤቱ አዣ የሚባለው ሕዝብ ንጉሥ መሆኑን በቲቤት ፊደል የሚናገር። እንጨቱ በዛፍ ቀለበት ተቆጥሮ መቃብሩ በ744 ገደማ መሠራቱ ታወቀ። ልብ በሉ፤ እዚህ ስምም ዓመትም አለ፣ የተገኘው ግን ተቆፍሮ ነው እንጂ ተገምቶ አይደለም። ሌቦቹ ማኅተሙን ቀድመው ቢያገኙት ኖሮ ቁጥር 3 ይህንንም ለዣንግ ዡንግ ይሰጠው ነበር።

ቁጥር 39 ታዲያ ከዱላን አካባቢ ቀደም ብሎ የወጣው ሐር በአውሮፓና በአሜሪካ ሰብሳቢዎች እጅ ምን ያደርጋል ብሎ ጠየቀ። ቁጥር 40 እዚያ ባይሄድ በስብሶ ይቀር ነበር አለ። ይቺን አባባል ከመቅደላ ጀምሮ እናውቃታለን፤ ስለዚህ ቁጥር 41፣ 42 እና 43 ተራ በተራ ወረዱበት። ቁጥር 40ም አልተኛላቸውም። አወያዩ የሐሩን ጉዳይ ቆርጦ ለብቻው ክር ከፈተለት። እዚያ ደግሞ ከአሁኑ ሦስት ሰው ታግዷል።